ውባንቺ ያገኘችው ባሕረ ጥምቀት

ውባንቺን በስሟ የማያውቃት የሮም ሐበሻ ቢኖር በቅጽል ስሟ ያውቃታል፤ «ወይዘሮ አልነካም» ትባላለች። ሜትሮ ውስጥ ብረት አትይዝም። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ሁለት እጆቿን በኮቷ ኪስ ከትታ፣ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች፣ «ከመንካት መውደቅ ይሻለኛል» ትላለች። ማኅበር ስትጠራ ከቦርሳዋ የራሷን ኩባያና የራሷን ማንኪያ ታወጣለች፤ የባለቤቲቱን ወንበርም ባለቤቲቱ እያየቻት በሶፍት ትወለውላለች። የሚቀየማት የለም። ሰው ሲስቅባት እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሶፍቱን ግን አትጥለውም፣ ወደ ወንበሩ እግር ትወርዳለች።

ይህችው ሴት እንግዲህ ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራዋን የበላችው የሰው ገላ በማጠብ ነው። አልጋ የያዘውን፣ ራሱን የማያውቀውን፣ የሚያመልጠውን፣ የሚያስመልሰውን፣ ሁሉንም በእጇ አገላብጣለች። ጓንት አድርጊ ሲሏት እንኳ «በጎማ የሚታጠበው መኪና ነው» ትላለች። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ዓይናለም ይህን ነገር ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ የኔን ወንበር ተጸይፈሽ የጣልያኑን ዳይፐር እንዴት ነው የምትነኪው?»

«የሰው ቆሻሻ ባለቤት አለው» አለች ውባንቺ። «ባለቤቱን ሳጥበው አብሮ ይሄዳል፤ ሰውየውም ግራሲዬ፣ አመሰግናለሁ፣ ይለኛል። እኔን የሚያንገሸግሸኝ ባለቤት የሌለው ነው። ያንቺ ወንበር ላይ ማን ማን እንደተቀመጠ አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ?»

ዓይናለም አላወቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር ስትወለውል ዝም ትላታለች።

ባለቤት ከሌላቸው ነገሮች ሁሉ ግን ውባንቺ አንጀቷ የማይችለው አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ነበር። ምእመናኑ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የላቸውም፤ ካቶሊኮች ባዋሷቸው አዳራሽ ነው የሚያስቀድሱት። ጥምቀት ሲደርስ ያ ገንዳ ከዕቃ ክፍል ይወጣል፤ በጎማ ቱቦ ውሃ ይሞላበትና ግቢው መሐል ይቀመጣል፤ ቄስ ተኽለብርሃን ጎንበስ ብለው በመስቀላቸው ይባርኩታል። በቀረው ዓመት የወለል ጨርቅ የሚዘፈዘፍበት እሱው ነው። ውባንቺ ደግሞ የጎንደር ልጅ ናት፤ ያውም ከቀሃ ወንዝ ማዶ፣ ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ ሲሞላ የውሃው ድምፅ ከሚሰማበት ሰፈር። ውሃው በድንጋይ ግንብ ታጥሮ ጸጥ ብሎ ቆሞ፣ የዛፎቹ ሥር በግንቡ ላይ እንደ ቀለጠ ሰም ወርዶ፣ ሰማዩ ውስጡ ተገልብጦ ያየች ዓይን፣ ያንን ገንዳ ስታይ ምን ትበል? «ጌታችን ዮርዳኖስ ወረደ፤ እኛ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አወረድነው» ትል ነበር በየዓመቱ። ጠበሉ ሲረጭም ፊቷን ዘወር ታደርጋለች፤ ከዚያ መልሳ ይቅር በለኝ ትላለች።

ዘንድሮ ነገሩ ባሰባት። ቄስ ተኽለብርሃን አርጅተዋል። የኤርትራ፣ የሠራየ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ለትምህርት ጎንደር ወርደው ስለነበር የፋሲልን ባሕረ ጥምቀት እንደ እሷው ያውቁታል። ከጥምቀት በኋላ ለዘለቄታው ወደ አገራቸው ሊገቡ ነው። ሮም የቆዩበት ዘመን ሁሉ ገንዳ ላይ ሲጎነበሱ አለቀ። ውባንቺ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኚህ ሰው ከመሄዳቸው በፊት አንዴ እንኳ በእውነተኛ ውሃ ዳር ቆመው ሲባርኩ ማየት።

ውሃውን የነገረቻት ውባንቺ ቤቷ እያደረች የምታስታምማት ሲኞራ ኤልቪራ ናት። ሲኞራ ኤልቪራ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ዘጠና ዓመት ያለፋት፣ ከአልጋ የማትነሣ፣ ምላሷ ግን ከአልጋ ያልዋለ አሮጊት ናት። ውባንቺ ፀጉሯን ስታበጥራት ሁልጊዜ ወደ ልጅነቷ ትሄዳለች። አባቷ ከባሕሩ አቅራቢያ፣ ላ ኪዩዛ በምትባል ትንሽ መንደር፣ የውሃ በር ጠባቂ ነበር። ኪዩዛ የሚሉት ቦዩ ላይ፣ ጀልባ ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው የሚወጣበት፣ ከላይና ከታች ትልልቅ በር ያለው የድንጋይ ጉድጓድ ነው።

«በሮቹ ሲዘጉ ውሃው ይቆማል» አለቻት ስሟን አሳጥራ ኡባ የምትላት ሲኞራ። «ዙሪያውን ግንብ ነው። የድንጋይ ደረጃ አለው፣ እስከ ውሃው ይወርዳል። ዛፎቹ ሥራቸውን በግንቡ ላይ ይጥላሉ። ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ኡባ። ፊቴን የማየው እሱ ላይ ነበር።»

የውባንቺ ማበጠሪያ ፀጉሩ ውስጥ ቆመ። ግንብ። ደረጃ። የዛፍ ሥር። ውሃ አስገብተው የሚዘጉበት በር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! እግዚአብሔር የፋሲልን መዋኛ ጣልያን አገር ጭምር ሠርቶታል፣ ሰው ግን አላየውም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥታ «ባሕረ ጥምቀት አግኝቻለሁ» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ስለ ደረጃውና ስለ ዛፎቹ ስትናገር፣ አንዳንዶቹ የጎንደር ሴቶች አለቀሱ። ዓይናለም ብቻ «አይተሽዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ሲኞራ ነግራኛለች።»

«ሲኞራሽ ባለፈው ሳምንት ስሟን ረስታ አልነበር?»

«የራሷን ስም ነው የረሳችው። ውሃውን አልረሳችም» አለች ውባንቺ፤ ሳቁ ሳያልቅም «ያንን ገንዳ ዛሬውኑ ካሶኔቶው ጋ ጣዪልኝ። ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያየው» ብላ ጨመረች። ካሶኔቶ የሚሉት የመንገድ ዳር ቆሻሻ መጣያውን ነው። ኮሚቴውም ውባንቺ ከቄሱ ጋር ሄዳ ቦታውን አይታ ትምጣ ብሎ ተለያየ።

ታኅሣሥ ገብቷል፤ ጾመ ነቢያት ነው። ከፒራሚዴ ጣቢያ ባቡር ይዘው፣ ከዚያ አውቶቡስ ለውጠው፣ እሷና ቄስ ተኽለብርሃን ወደ ላ ኪዩዛ ወረዱ። ቄሱ በጥቁር ቀሚሳቸው ላይ አንድ ምእመን የሰጣቸውን ወፍራም ቀይ የበረዶ ጃኬት ደርበዋል፤ ጥምጥማቸው ነጭ ነው። እሷ በነጠላዋ ላይ ኮት ለብሳለች። መንገዱ ዳር ሸንበቆው በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ፣ ነጭ ወፎች ከእርሻው ላይ እንደ ተበተነ ወረቀት ብድግ ሲሉ፣ ውባንቺ የአውቶቡሱን መስታወት ሳትነካው በሩቁ ታይ ነበር።

«እስከ ውሃው የሚወርድ ደረጃ ነው ያልሽኝ?» አሉ ቄሱ ለሦስተኛ ጊዜ።

«እስከ ውሃው፣ አባ።»

«እንግዲያስ ታቦቱን በምሥራቅ በኩል እናደርገዋለን።» ዓይናቸው ያበራ ነበር፤ እንደ ሕፃን።

ሽታው የተቀበላቸው ከመንደሩ በፊት ነው። አውቶቡሱ በሩን ሲከፍት መጣ። መጀመሪያ ውባንቺ ከእግሯ ሥር የሆነ ነገር የረገጠች መስሏት ጫማዋን አየች። ንጹሕ ነው። ሽታው ከአየሩ ነው። የበሰበሰ ጎመን አለበት፣ የዛገ ብረት አለበት፣ ከሥሩ ደግሞ ጣፋጭ ነገር አለበት። የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ያዘች።

መንደሩስ ያምር ነበር። ግድግዳው የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ፣ መስኮቱ አረንጓዴ፣ ከቤት ወደ ቤት የገና መብራት የተዘረጋበት። በየበሩ ምግብ ቤት ነው። ከሮም በመኪና የመጡ ቤተሰቦች የፀጉር ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠው ይበላሉ። ከአንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ሰፊ የውሃ ጋን ተቀምጧል፤ ውስጡ ጥቁር፣ ክንድ የሚያህል፣ አጥንት የሌለው የሚመስል ነገር እርስ በርሱ እየተቋጠረና እየተፈታ ይርመሰመሳል። ሽርጥ የለበሰ ሰው አንዱን ጎትቶ አወጣና ጭንቅላቱን ከጣውላ ጋር በምስማር መታው፤ አንገቱ ላይ ቆረጥ አድርጎም ቆዳውን እንደ ካልሲ ከላይ እስከ ታች ገፈፈው። የተገፈፈው ነገር አሁንም ይንፈራገጣል።

«እባብ ነው?» አሉ ቄሱ ቆመው።

«ዓሣ ነው ይላሉ፣ አባ። ለገና ይበሉታል።»

«ማን ነው ዓሣ የሚለው?»

«የሚበሉት ናቸው።»

«ቅርፊት አለው?»

«ኧረ አባ፣ ቆዳም የለው! አሁን ገፈፈው እኮ!»

ቄሱ አማተቡ። ሰውየው ደም በነካው እጁ ሰላምታ ሰጣቸውና «አሳጆ?» አለ፣ ቅመሱ ማለቱ ነው። ውባንቺ ቄሱን በክንዳቸው ይዛ እየጎተተች አለፈች።

ኪዩዛው ከአደባባዩ ጀርባ ነበር። ሁሉም ነገር ሲኞራ እንዳለችው ነው፤ ይሄ ነው የከፋው። ግንቡ አለ። ደረጃው አለ። ዛፎቹም ሥራቸውን በግንቡ ላይ ጥለዋል። ላዩ ላይ የጣልያን ስምና ዘመን የተጻፈበት ሰሌዳም አለ፣ ታሪካዊ ነው የሚል። ታችኛው በር በስብሶ ግማሹ ወድቋል፤ ላይኛው አልከፈት ብሎ ቀርቷል። በመሐላቸው ያለው ውሃ ግን ውሃ ነው ለማለት አፍ የሚያሳፍር ነበር። ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ቅባት የቋጠረ። ላዩ ላይ ፍራሽ ተኝቷል። የፕላስቲክ ጠርሙሶች በአንድ ጥግ እንደ መንጋ ተሰብስበዋል። ዳይፐሮች አብጠው፣ ነጭ ሆነው፣ እንደ አበባ ተከፍተው ይንሳፈፋሉ። ከምግብ ቤቶቹ በአንዱ ግድግዳ ሥር ከወጣ ቱቦ ዘይት የቀላቀለ እጣቢ ጠብ ጠብ ይላል። ደረጃው አጠገብ ደግሞ ድመት የሚያህል አይጥ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሞቷል፤ ብርቱካናማ ረጃጅም ጥርሶቹ ፀሐይ መትቷቸው ያበራሉ። ውባንቺ ያንን ብርሃን ማየት ማቆም አልቻለችም። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ፀሐይ እንዴት ያርፋል?

ከውሃው ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጥርት ባለ ላስቲክ መጋረጃ ተከልለው፣ ሰዎች ይበላሉ። ወይን ይቀዳሉ። አንዲት ሴት ሹካዋ ላይ ያንን ዓሣ ሰክታ፣ ዓይኗን በኪዩዛው ላይ ጥላ፣ «ኬ ቤሎ» አለች። እንዴት ያምራል!

ውባንቺ ወደ አስተናጋጁ ዞረች። «ይሄ የማን ነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ!» ጣቷን ወደ ውሃው ቀሰረች።

ሰውየው ውሃውን ዛሬ ገና እንዳየው ሁሉ አየው። «የማንም አይደለም፣ ሲኞራ» አለና ሳህኑን ይዞ ገባ።

ቄሱ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና «ንዕማንም ዮርዳኖስን ተጸይፎ ነበር» አሉ። «የደማስቆ ወንዞች አይሻሉምን ብሎ ተቆጥቶ ሊመለስ ነበር። ኋላ ወርዶ ሰባት ጊዜ ቢጠልቅ ገላው እንደ ሕፃን ገላ ሆነ። ውሃን የሚያነጻው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ አባ። ግን ንዕማን ሰባት ጊዜ ሲጠልቅ አጠገቡ ዳይፐር አልተንሳፈፈም።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ቢንሳፈፍ ኖሮ ይጻፍ ነበር።»

ቄሱ ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ። ነገር ግን እየሳቁ ወደ ደረጃው ሄዱ። ውባንቺ የገባት ዘግይቶ ነው፤ ሽማግሌውን ያሳዘነቻቸው ውሃው ሳይሆን እሷ ነበረች። ባዶ እጇን እንዳትመለስ፣ ምእመናኑ ፊት ቃሏ መሬት እንዳይወድቅ፣ ውሃውን በእጃቸው ነክተው «ይሆናል» ሊሉላት ነው።

«አባ፣ ይተዉት! አባ፣ አይውረዱ!»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልንካው...»

ደረጃው አረንጓዴ ዝልግልግ ለብሷል። የመጀመሪያውን ወረዱ፣ ሁለተኛውን ወረዱ። በሦስተኛው ላይ ያ ቀይ ጃኬት ወደ ላይ ብድግ አለና በቂጣቸው ተንሸራተው፣ እንደ ሕፃን በሸርተቴ፣ እስከ ወገባቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ጥምጥማቸው ተፈቶ በጠርሙሶቹ መሐል ሄደ። የሞተው አይጥ ሞገዱ መትቶት መጥቶ ደረታቸው ላይ አረፈ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ባቡር ውስጥ ብረት የማትይዘው ውባንቺ፣ ሳታስበው፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ውሃው ውስጥ ገባች። ከእግሯ በታች ያለው ነገር ጭቃ አልነበረም፤ ለስላሳ ነው፣ ይሰምጣል፣ ሞቅ ያለም መሰላት፤ እግሯን ሲውጠው አረፋ ተነሥቶ ፊቷ ላይ ፈነዳ። አይጡን በእጇ፣ በባዶ እጇ፣ ይዛ ወረወረችው። ፀጉሩ እጇ ላይ ቀረ። ሽማግሌውን በብብታቸው ይዛ፣ አልጋ ላይ በሽተኛ እንደምታነሣው አድርጋ አነሣቻቸው። ሁለቱም ተንሸራተቱ፣ እንደገና ተነሡ፣ በጉልበታቸው እየዳኹ ወጡ።

ላስቲክ መጋረጃው ውስጥ ያሉት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ሹካቸውን አስቀምጠው ስልካቸውን አንሥተዋል። ካፒቶኔ የሚሉትን ያንን ዓሣ እያኘከ የሚቀርጽ አንድ ወጣት «ሁለት ትልልቅ ያዝን!» ብሎ ጮኸ፤ ገበታው ሁሉ ሳቀ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ብቻ ወጣች። እጇ ላይ ወፍራም ጋዜጣ ይዛለች። ውባንቺ ልታደርቃቸው የመጣች መስሏት እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ግን ጋዜጣውን በደጃፏ ወለል ላይ ዘረጋጋችውና «በዚህ ላይ እለፉ፤ ምንጣፉን እንዳትነኩት፣ ፔር ፋቮሬ፣ እባካችሁ» አለች። አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ ነበር።

ውባንቺ ጋዜጣውን አየች። ሴትዮዋን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን በዚያ ዓይን ያየችው እሷ ነበረች፤ ዛሬ ዓይኑ ወደ እሷ ዞሮ መጣ። ውሃው ካስጸየፋት ይልቅ ያ አፍንጫ የተያዘበት ሁለት ጣት አስጸየፋት። ጋዜጣውን ሳትረግጥ፣ ሆን ብላ ምንጣፉን መሐል ለመሐል ረግጣ አለፈች።

አደባባዩ ላይ ቧንቧው ቀንና ሌሊት የማይዘጋ የብረት ምንጭ አለ፤ ሮም በየመንገዱ እንዳለው። ቄሱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጥርሳቸው ቢኖር ይንገጫገጭ ነበር፤ ድዳቸው ነው የሚንቀጠቀጠው። ጫማቸውን አወለቀች፣ ካልሲያቸውን አወለቀች፣ ነጠላዋን ቀድዳ ማጠቢያ አደረገችው።

«ተይ፣ ልጄ፣ ነውር ነው» አሉ እግራቸውን እየሰበሰቡ።

«ዝም ይበሉ፣ አባ። ሥራዬ ነው።»

ውሃው በረዶ ነበር፤ ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው፣ ብረት ብረት የሚል። የሽማግሌውን እግር፣ እጅ፣ ጢም፣ የመስቀላቸውን ቀዳዳ ሁሉ አጠበች። እጇ አላመነታም። ስለ እሳቸው ስትል አንዴም አፍንጫዋን አልያዘችም። የራሷን እጅ ግን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ አጠበችው፤ የአይጡ ፀጉር ስሜት አልሄደም።

«የዘንድሮው ጥምቀቴ ደረሰ» አሉ ቄሱ። ፈገግ ሊሉ ሞክረው ነበር፣ ብርዱ አልፈቀደም። ትንሽ ቆይተው «ውባንቺ፣ ገንዳው የት ነው?» አሉ።

ፊቷ ጋለ። «አስጥየዋለሁ።»

«አዬ ልጄ።» ያ «አዬ» ከኪዩዛው ይልቅ ከበዳት።

ስልኳ ከቦርሳዋ ጋር ደረጃው አፋፍ ላይ ስለቀረ ደርቆ ተርፏል። ዓይናለም ጋ ደወለች።

«አሎራ፣ ታዲያስ? ባሕሩ እንዴት ነው?» አለች ዓይናለም በደስታ።

«ዓይናለም፣ ገንዳውን ጣልሽው?»

«ሸተተ ማለት ነው?»

«ጣልሽው ወይ ነው የምልሽ!»

«አንቺን ካወቅሁሽ ስንት ዓመቴ ነው? አልጣልኩትም። በረንዳዬ ላይ ነው። ድንች አስቀምጬበታለሁ።»

«ድንች?» ውባንቺ ዓይኗን ጨፈነች። «ከነአፈሩ?»

«ከነአፈሩ።»

«ዓይናለም፣ እንዳትነኪው። ማንም እንዳይነካው። ሐሙስ መጥቼ በእጄ አጥበዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የወለል ጨርቅ የሚዘፈዝፍበትን ሰው እጁን እሰብረዋለሁ፣ በይ ንገሪያቸው፤ ገንዳው ባለቤት አለው።»

ቄሱ ሰሙ። «እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገንዳው ላይ ስጸልይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ስጨፍን ጎንደር ነኝ። ዛሬ አንቺን አምኜ ከፍቼ መጣሁ።»

ነቀፋ አልነበረም፤ እንዲያው ነገሩን መናገር ብቻ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ከአጠገባቸው ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ መስኮት ተከፈተ። ባቡሩ ሲንገጫገጭ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብረቱን ያዘች። እንግዲህ ከብረቱ ይልቅ የቆሸሸችው እሷ ናት።

ቤት ስትገባ ገና አልመሸም። ጫማዋን ደጅ ጥላ፣ በጣቷ ጫፍ እየሄደች ወደ መታጠቢያ ቤት ልታልፍ ስትል ከመኝታ ቤቱ ድምፅ ተሰማ።

«ፓፓ?»

ሲኞራ ኤልቪራ አልጋዋ ላይ ቀና ለማለት እየሞከረች ነበር። አፍንጫዋ እንደ አደን ውሻ ይንቀሳቀሳል። ዓይኗ እርጥብ ሆኗል።

«እኔ ነኝ፣ ሲኞራ። ውባንቺ ነኝ። ልታጠብ ነው።»

«ነይ። ነይ ወዲህ።» አሸተተች፤ ደረቷን ሞልታ አሸተተች። «ማዶና ሚያ። አባቴ ነው። ማታ ሲገባ እንዲህ ነበር የሚሸተው።»

ውባንቺ ባለችበት ቀረች። «እንዲህ?»

«እንዲህ ነበር ከነቡትቶው! እናቴ ደጅ ታስወልቀው ነበር። ጧት ጧት በረጅም ሜንጦ የሞተ ውሻ ያወጣል፣ አሳማ ያወጣል፣ አንዴ ሶፋ አወጣ።»

«እንደ መስታወት ነው ብለውኝ ነበር!» ንዴቱ አሁን ገና ገንፍሎ ወጣ። «ፊቴን የማየው እሱ ላይ ነበር ብለውኛል! እኔ ሽማግሌ ሰው ይዤ ሄጄ፣ የሞተ አይጥ በእጄ ይዤ...»

«አባቴ ካወጣ በኋላ እስከ ቀትር መስታወት ነበር» አለች ሲኞራ ሳታፍር። «ከቀትር በኋላ ያለውን ብነግርሽ ትሄጂ ነበር? አንቺ የቤቴን ሹካ እንኳ የማትነኪ። ማንም ሄዶ አይቶልኝ አያውቅም። ልጄ እንኳ አልሄደም።» ከዚያ ያ የአሮጊት ተንኮል ፊቷ ላይ መጣ። «የናንተስ፣ ያ የነገርሽኝ፣ ንጉሡ የሠሩት መዋኛ? ልጆች አይዘሉበትም ነበር?»

«ይዘላሉ። በጥምቀት ይዘላሉ።»

«አሎራ። አይሸኑበትም?»

ውባንቺ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የመጣላት ግን ሌላ ነው፤ የበዓሉ ማግስት። ግንቡ ውስጥ የቀረው ውሃ ሻይ መስሎ፣ ሽንኮራ አገዳ ልጣጭና የሎሚ ቅርፊት ተንሳፍፎበት፣ ዳሩ ላይ እንቁራሪት ተኮልኩሎ። እናቷ በጠርሙስ ቀድታ፣ በሻሿ ጫፍ አጥልላ፣ ያንን ውሃ ስታጠጣት። ጠጥታዋለች። ግጥም አድርጋ ጠጥታዋለች፤ እሷው፣ ወይዘሮ አልነካም። ይህን ሁሉ ዓመት የት ሄዶ ነበር? አንዱን ንጹሕ ነገሯን አሮጊቷ በአንድ ቃል አቆሸሸችባት። ንዴቷን የምታሳርፍበት አጣች።

«ልታጠብ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ትንሽ ቆይ። ትንሽ ብቻ፣ ኡባ። ከታጠብሽ ይሄዳል።»

ልብሷ ገላዋ ላይ እየደረቀ፣ እየቆረፈደ ነው። ከቀሚሷ ጫፍ ላይ አንድ አረንጓዴ ጠብታ፣ ጧት እሷው ራሷ የወለወለችው ወለል ላይ ወደቀ። ውባንቺ ጠብታውን አየችው። ሲኞራን አየቻት፤ ዓይኗን ጨፍና፣ አፍንጫዋን ወደ እሷ አቅንታ ትጠብቃለች።

ወንበር ሳበች። ሳትወለውለው ተቀመጠች። አሮጊቷ እጇን ይዛ ደረቷን ሞልታ ስትተነፍስ፣ ውባንቺ በሌላው እጇ የራሷን አፍንጫ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።